በአንድ እግሩ የቆመው መቺ

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ዛሬ የማጫውታችሁ በሩቅ ምሥራቅ ስለኖሩ አንድ ተማሪና አንድ መምህር ነው፤ ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ስለምነግራችሁ ልብ በሉልኝ።

በቶኪዮ ከተማ፣ በሱሚዳ ወንዝ አካባቢ፣ ከቻይና የተሰደዱ አንድ አባት ከጃፓናዊት ባለቤታቸው ጋር የኑድል ምግብ ቤት ከፍተው ይኖሩ ነበር፤ በ1940 ደግሞ ሴትና ወንድ መንታ ተወለዱላቸው፤ ሴቲቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ሞተች፣ ደካማ ሆኖ የተወለደው ወንዱ ግን ተረፈ፤ ሳዳሃሩ ኦ የሚባለው እሱ ነው። አባትየው አንድ ምኞት ነበራቸው፤ ታላቁ ልጅ ሐኪም፣ ታናሹ መሐንዲስ እንዲሆኑና ወደ አባታቸው አገር ተመልሰው ወገን እንዲረዱ። ታላቁ ሐኪም ሆነ። ታናሹን ግን ቤዝቦል ወሰደው።

ይህን ጨዋታ የማታውቁት ትኖራላችሁ። ወርዋሪው ከ18 ሜትር በላይ ርቆ ይቆምና ኳሷን ባለ በሌለ ኃይሉ ይወረውራታል፣ እሷም ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ትደርሳለች፤ መቺው በዚያች ቅጽበት አይቶ፣ ወስኖ፣ ዱላውን መሰንዘር አለበት፤ ሦስት ጊዜ ከሳተ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ከአጥሩ በላይ አሻግሮ ከላካት ደግሞ ሜዳውን ዞሮ ይገባል፣ ያ ሆም ራን ነው። ከአሥር ሙከራው ሦስቱ የሠመረለት ጎበዝ ይባላል፤ ሰባቱን ጊዜ ግን በሺህ ሕዝብ ፊት ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው።

ታዲያ በ1954፣ ሳዳሃሩ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በወንዙ ዳር ባለው ሜዳ ሲጫወት፣ ሂሮሺ አራካዋ የሚባሉ ወጣት ተጫዋች በዚያ ሲያልፉ አዩትና ቆሙ። ልጁ ግራኝ ነው፣ ሲወረውር በግራው ነው፤ ሲመታ ግን እንደ ብዙኃኑ በቀኝ በኩል ይቆም ነበር። አራካዋ ጠጋ ብለው በግራ ቆመህ ብትሞክርስ አሉት፤ ሞከረ፣ ኳሷም ርቃ ሄደች። ከዚያም ሰውየው መንገዳቸውን ቀጠሉ፣ ልጁም ከዚያን ቀን ወዲህ በቀኝ ቆሞ አልመታም።

በ1957 በኮሺየን ሜዳ በሚካሄደው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር ላይ ሳዳሃሩ ወርዋሪ ነበረ፤ ጣቱ ውኃ ቋጥሮ ፈነዳና ኳሷን በደም እየቀባት ይወረውር ጀመር። ቤዝቦሉን ያልወደዱለት አባት ይህን ሲሰሙ ከቶኪዮ ተነሥተው፣ ያን ሁሉ መንገድ በባቡር ተጉዘው፣ የአገራቸውን መድኃኒት ይዘውለት መጡ፤ ጣቱን አከሙለትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ልጁም ትምህርት ቤቱን ለዋንጫ አበቃ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ለአገር አቀፉ የስፖርት በዓል ጓደኞቹ ሲሄዱ፣ ዜግነቱ እንደ አባቱ የቻይና ነውና ደንቡ አይፈቅድም ተብሎ እሱ ቀረ። የ17 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እንደሚውጠው እናንተው ታውቁታላችሁ።

በ1959 ዮሚዩሪ ጃይንትስ፣ የአገሩ ትልቁ ቡድን፣ ወሰደው፤ ከወርዋሪነት አንሥተውም መቺ አደረጉት። መጀመሪያ 26 ጊዜ ቀርቦ አንድም አልተሳካለትም፣ በ27ኛው ሆም ራን መታ፤ እፎይ ሲል ግን መልሶ ጠፋበት። በቀጣዩ ዓመት ትንሽ ቀና አለ፣ በ1961 ደግሞ አሽቆለቆለ፣ በዓመቱ ሙሉ 13 ሆም ራን ብቻ። ተመልካቹ ከየመቀመጫው የመሳት ንጉሥ እያለ ይጮኽበት ጀመር። እሱም ማታ ማታ በቶኪዮ ወዳለው የጊንዛ ሰፈር መሸታ ቤቶች ይሄድ ነበር፤ እኔ ግን አልፈርድበትም፣ የሚሠራው ሥራ ለምን እንደከዳው ያልገባው ሰው እቤቱ ብቻውን መቀመጥ ይከብደዋል።

በ1962 ዋና አሠልጣኙ ካዋካሚ የመቺዎች አሠልጣኝ ሲፈልጉ አንድ ሰው አመጡ። ማን ይመስላችኋል? እኒያው በወንዙ ዳር ያለፉት አራካዋ ናቸው። ልጁን ሲያዩ ችግሩ ወዲያው ገባቸው፤ ወርዋሪው ኳሷን ሊለቅ ሲል የሳዳሃሩ እጅ አንዴ ዝቅ ብሎ ይነሣል፣ ዱላው ይዘገያል፣ ሰውነቱ ግን ቀድሞ ወደ ፊት ይሄዳል። ነገሩት፤ አልሆነም። ሰውነት የለመደውን በምክር አይተውም። ስለዚህ መሸታውን ትተህ ማታ ማታ ቤቴ ና አሉት፤ እሱም ከሜዳው ሥራ በኋላ በሌሊት እየሄደ ዱላውን ይሰነዝር ጀመር። ከሞከሩትም ሁሉ መካከል አንዱ እንግዳ ነበር፦ ኳሷ ከመምጣቷ በፊት የቀኝ እግሩን አንሥቶ በግራው ብቻ መቆም። በአንድ እግሩ የቆመ ሰው እጁን ዝቅ ከፍ ያድርግ ቢል ይወድቃል፣ ወደ ፊት ቢቸኩልም ይወድቃል፤ ስለዚህ ግድ ይረጋል፣ ግድ ይጠብቃል።

ጁላይ 1 ቀን 1962 ደረሰ። በዚያ አገር ያ ሰሞን የዝናብ ወቅት ነው፣ እንደኛው ክረምት አየሩ ይከብዳል። በካዋሳኪ ሜዳ ከታይዮ ዌልስ ጋር ሊጫወቱ ነውና ከጨዋታው በፊት አሠልጣኞቹ ተሰበሰቡ፤ አንዱም ቡድኑ የሚሸነፈው ኦ ስለማይመታ ነው ብሎ አራካዋን ወቀሳቸው። አራካዋም ተቆጥተው መለሱ፣ ከዚያም ወጥተው ልጁን ዛሬ በአንድ እግርህ ቆመህ ትመታለህ ብለው አዘዙት። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ እኔ ከዚህ ታሪክ ከሁሉ የምወደው ይህችን ነው። ቢሳሳቱ መሳቂያ የሚሆነው ልጁ ብቻ አልነበረም፣ እሳቸውም አብረው ነበር የሚዋረዱት፤ አውቀው ገቡበት። ልጁም አልተከራከረም። ወጣ፣ እግሩን አነሣ፣ መጀመሪያ መታ፣ ቀጥሎ ሲቀርብ ከአጥሩ በላይ ላካት። በዓመቱ መጨረሻ 38 ሆም ራን ነበረው፣ በሊጉም የሚቀድመው አልነበረም።

ሥራው የጠናው ግን ከዚያ በኋላ ነው። አራካዋ ቀድሞም አይኪዶ የሚባለው የጃፓን የትግል ጥበብ አባት ወደሆኑት ወደ ሞሪሄይ ዌሺባ ይሄዱ ነበርና ተማሪያቸውንም ወሰዱት፤ እዚያም ትንፋሹን ከእምብርቱ በታች መሰብሰብን፣ ከተቃራኒው ጋር ከመታገል ይልቅ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ማድመጥን ተማረ። ቀጥሎም ዱላውን አስቀምጠው እውነተኛ ሰይፍ አስያዙት፤ ከጣሪያው ላይ ወረቀት በክር ያንጠለጥላሉ፣ እሱ በአንድ እግሩ ቆሞ በአንድ ምት ይቆርጠዋል፤ በጉልበት ከሰነዘረ የሰይፉ ነፋስ ወረቀቱን ይገፋዋል፣ ስለቱ ካልተስተካከለም ወረቀቱ ይጠመዘዝና ያመልጠዋል። ሌሊቱ እየገፋ እሱ ይሰነዝራል፣ መምህሩም ተቀምጠው የምቱን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ የቤቱ የሣር ምንጣፍ እግሩ ከሚሽከረከርበት ላይ አለቀ። እንዲህ እያሉ ዓመታት አለፉ።

በ1964 በአንድ የውድድር ዘመን 55 ሆም ራን መታ፣ ያንን ክብረ ወሰን እስከ 2013 ድረስ የበለጠው አልነበረም። በዚያው ዓመት፣ በጥቅምት፣ እዚያው ቶኪዮ ላይ የእኛው አበበ ቢቂላ የኦሊምፒኩን ማራቶን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ፤ ለእሱም አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ነበሩለት።

ሴፕቴምበር 3 ቀን 1977 በኮራኩየን ሜዳ ሳዳሃሩ 756ኛውን ሆም ራን መታና አሜሪካዊው ሃንክ አሮን ከደረሰበት ከ755 አለፈ፤ ከዚያም አባትና እናቱን ሜዳው ውስጥ አስገብቶ የተሰጠውን ሽልማት ለእነሱ አስረከበ። መሐንዲስ እንዲሆንላቸው የተመኙት አባት በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሙ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ የጃፓን መንግሥት የሕዝብ ክብር የሚባል አዲስ ሽልማት አቋቁሞ የመጀመሪያውን ለሳዳሃሩ ሰጠው፤ ከ20 ዓመት በፊት በዜግነቱ ከጓደኞቹ የተለየው ያ ልጅ፣ ያን ቀንም ዜግነቱን አልቀየረም ነበር። በ1980 ሲሰናበት የሆም ራኑ ብዛት 868 ደርሶ ነበር።

አራካዋ ከጃይንትስ የወጡት በ1970 ነው፤ በኋላም ሌላ ቡድን በዋና አሠልጣኝነት መሩ፣ ካረጁ በኋላም ልጆችን መምታት ማስተማሩን አልተዉም፤ በ2016 መጨረሻ በ86 ዓመታቸው አረፉ። ሳዳሃሩም የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ለእኒያ ሌሊቶች ብዙ ገጽ ሰጥቷቸዋል።