«ዋስ ይዘህ ና»፦ ከጭላሎ ጭሰኛ እስከ ጢቾ ተመራቂ

ሰሞኑን «ኔትወርኪንግ» የሚባል ሥልጠና በየአዳራሹ በዝቷል። ቢዝነስ ካርድ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ሊንክድኢን ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ በሻይ ሰዓት ራስን እንዴት ማስተዋወቅ እንደሚገባ ይነገራል። ክፋት የለውም። እኛ አገር ግን ይህ ነገር ሥልጠናው ከመምጣቱ በፊት ፈተናም ስምም ነበረው። ስሙ «ዋስ» ነው።

ከጢቾ ተነስቶ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰና አዲስ አበባ የገባ አንድ ወጣት አስቡ። አራት ኪሎ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ያነባል። ይመዘገባል፣ ይፈተናል፣ ያልፋል። መጨረሻ ላይ «ዋስ ይዘህ ና» ይባላል። ቋሚ ሥራ ያለው፣ ደመወዙን ከመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ የሚያረጋግጥ ሰው ማለት ነው። ልጁ ሰው አጥቶ አይደለም፤ ስልኩ በስም ተሞልቷል። ስሙን ለእሱ ወረቀት ላይ የሚያሰፍር ግን የለም። በመተዋወቅና በመተማመን መካከል ያለው ርቀት የሚታወቀው ያን ቀን ነው።

ይህን ርቀት የአርሲ ደጋ ከሃምሳ ዓመት በፊት በሰፊው አይቶታል።

በንጉሡ ዘመን የአርሲ ጠቅላይ ግዛት ሦስት አውራጃዎች ነበሩት፦ ጭላሎ፣ ጢቾ እና አርባ ጉጉ። በ1960 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጭላሎ አውራጃ አንድ ትልቅ ሥራ ጀመሩ። የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ይባላል፤ ሕዝቡ የሚያውቀው «ካዱ» ብሎ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አሰላ፣ የሰብል ምርምሩ ኩሉምሳ ነበር። ከጭላሎና ከባዳ ተራሮች ማዶ ያለችው ጢቾ ከካዱ ክልል ውጭ ቀረች።

የካዱ ሰዎች አንድ ነገር ቀድመው ገብቷቸዋል። ገበሬ የማያውቀው ሰው ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ንግግር ስላደረገለት ብቻ የዓመት ጉርሱን ለዕድል አይሰጥም። ስለዚህ «ሞዴል ገበሬ» የሚባል አሠራር ዘረጉ። የአካባቢው ገበሬዎች ራሳቸው ሰው ይጠቁማሉ፤ ከተጠቆሙት ውስጥ ይመረጣል። ኩሉምሳ የተሞከረው ስንዴ በዚያ ሰው ማሳ ላይ ይዘራል። ጎረቤት ሲዘራ ያያል፣ ሲታረም ያያል፣ አውድማ ላይ ያያል። የኤክስቴንሽን ሠራተኛውም የተናገረው እውነት ይሁን ውሸት በመኸር ጊዜ ይገለጣል፤ ተመልሶ መምጣትና ፊት ለፊት መጠየቅ አለበት።

ይህ ነው የሠራው። በ1968 እ.ኤ.አ. የካዱን ብድር የወሰዱት ገበሬዎች ሁለት መቶ አይሞሉም ነበር፤ ሦስት ዓመት ሳይቆይ ቁጥራቸው ከ10,000 አለፈ። አብዛኛው ተበዳሪም ዕዳውን ይመልስ ነበር። እምነቱ የተጓዘው ከማሳ ወደ ማሳ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ነው።

ወረቀቱ ግን በሌላ መንገድ ተጓዘ። ጭሰኛ ብድር ለማግኘት የባለመሬቱ ፊርማ ያለበት የኪራይ ውል ማቅረብ ነበረበት። ጎበዝ አራሽ መሆኑን ጎረቤቱ ሁሉ ቢመሰክርለት፣ ባለመሬቱ ካልፈረመ ዋጋ የለውም። ካዱ ድሃውን ገበሬ ለመርዳት ተቋቁሞ ሳለ፣ የበሩን ቁልፍ ሳያስበው ለጌታው አስረከበ።

ከዚያ የሆነውን ካዱ ራሱ ያሳተማቸው ጥናቶች መዝግበውታል። ስንዴ አትራፊ ሲሆን ባለመሬቶችና ባለሀብቶች ትራክተር አስገቡ። መንግሥትም ለትራክተርና ለነዳጅ የቀረጥ እፎይታ ይሰጥ ነበር። ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ተነቀለ። በመጨረሻ ትልልቅ ባለመሬቶች ከካዱ ብድር እንዲገለሉ ቢደረግም ትራክተሩ ቀድሞ ገብቷል። ስዊድኖች የጭሰኝነት ሕግ እንዲሻሻል ደጋግመው ጠየቁ፤ ሕጉ በፓርላማ ሳያልፍ ዘውዱ ወደቀ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የባለመሬቱ ፊርማ ትርጉም አጣ። በ1976 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ «አርዱ» ተብሎ ወደ መላው አርሲ ሲሰፋ ጢቾም ገባችበት፤ ጎረቤቷ ከጀመረ ከዘጠኝ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ደርግ የገበሬ ማኅበራትን ቀስ በቀስ የትእዛዝ ማስፈጸሚያ አደረጋቸው፤ ገበሬው ኮታውን በተቆረጠለት ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ «የልማት ሠራዊት» እና «አንድ ለአምስት» መጡ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚያ የተሻለ ኔትወርክ የለም፤ እያንዳንዱ ሰው ከአምስት ሰው ጋር ተያይዟል። ግን ማን ከማን ጋር እንደሚያያዝ ከላይ ተወስኖ፣ ሪፖርቱም ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ ጎረቤት ጎረቤቱን መጠንቀቅ ይጀምራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል። ድሩን የያዘው ሌላ ሰው ከሆነ ግን የሚታሰረው አንበሳው ላይሆን ይችላል።

ጭላሎ ላይ ይህ ሁሉ ሲሆን፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር አንድ ታዋቂ ጥናት አወጣ። ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ጠይቆ፣ ብዙዎቹ የክፍት ቦታውን ወሬ የሰሙት ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው መሆኑን አሳየ። የኔትወርኪንግ አሠልጣኞች «ብዙ ሰው ተዋወቁ» የሚሉት ከዚህ ዓይነት ጥናት ተነስተው ነው።

እውነት አላቸው፣ ግን ግማሹን። የሩቅ ትውውቅ ወሬ ያመጣል፤ ዋስ አይሆንም። ዋስ የሚሆነው ሥራህን አውድማ ላይ ያየ ሰው ነው። ስለዚህ ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ከመቶ ካርድ ይልቅ፣ አንድ ሥራ ከጥንስሱ እስከ ፍጻሜው ያየለት አንድ ሰው ይበልጥበታል፦ የመመረቂያ ጽሑፉን ያማከረ መምህር፣ ለልምምድ ሲገባ የተቆጣጠረው አለቃ፣ በአነስተኛ ክፍያ የሠራለት ነጋዴ። እነዚህን ሰዎች ዋስ ያስፈለገ ቀን ብቻ መደወል ነውር ነው። የኤክስቴንሽን ሠራተኛው በመኸር ተመልሶ እንደሚመጣው፣ እኛም ሥራው ከየት እንደደረሰ ለመንገር መመለስ አለብን።

ለቀጣሪዎችም አንድ ነገር አለኝ። «ዋስ አምጣ» የሚለው ደንብ ገንዘብ ለመጠበቅ የወጣ ነው፤ ይገባኛል። ውጤቱ ግን ከካዱ ወረቀት ጋር አንድ ነው። አዲስ አበባ ደመወዝተኛ አጎት ያለው ያልፋል፤ ከጢቾ የመጣው ይመለሳል። የተፈተነው ልጁ ነው፤ የሚቀጠረው ግን ዘመዱ የሆነ ያህል ነው። የታማኝነት ዋስትና ኢንሹራንስ የሚሸጡ የአገራችን ድርጅቶች አሉ። የመምህርና የቀድሞ አለቃ ምስክርነት በደንብ ቢመዘን የዘመድ ፊርማን ይተካል።

ደመወዝ ላለን ሰዎች ደግሞ፦ ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። ዋስ ሆኖ የሰው ዕዳ የከፈለ ያልሰማ የለም። ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ከፍተኛው የዋስትና መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። መጠኑን አንብቡ፣ ልጁን ጠይቁ፣ ሥራውን እዩ፤ ከዚያ ፈርሙ። የጭላሎ ጭሰኛ ጉብዝናውን የሚያውቁ ጎረቤቶች ነበሩት፤ የጎደለው መፈረም የሚችል ሰው ነበር። ዛሬ መፈረም የምንችል ሰዎች በየቢሮው ተቀምጠናል።

ስልካችን ውስጥ ስንት ስም እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ባለፉት አምስት ዓመታት፣ ዘመዳችሁ ላልሆነ ሰው፣ ሥራውን አይታችሁ ብቻ ስማችሁን ያስቀመጣችሁት ስንት ጊዜ ነው?