ከውጭ የገባ ቬክተር ሥዕል (በስክራይበስ)
ቬክተር ሥዕል ቅርጾችን በነጥብና በመስመር ስሌት የሚገልጽ፣ ቢያሰፉት ጥራቱን የማያጣ ሥዕል ነው። በሥዕል መሥሪያው ፕሮግራም በኢንክስኬፕ ተሠርቶ በኤስቪጂ ፋይል ወደ ኅትመት ማቀናበሪያው ስክራይበስ ሲገባ ሦስት ችግሮች ሊገጥሙ ይችላሉ።

ፎንት፦ በኮምፒውተሩ ላይ ካልተጫነ የጽሑፉ መልክ ይለወጣል፤ የግዕዝ ፊደል ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ጽሑፉን አስቀድሞ ወደ ቅርጽ መለወጥ ነው። ከዚያ በኋላ ቃላቱን ማረም ስለማይቻል ዋናው ፋይል ለብቻው ይቀመጣል።

ማደብዘዣ፦ የሚሠራው በኤስቪጂ ማጣሪያ ነው፤ ስክራይበስ ግን እነዚህን ማጣሪያዎች ስለማይደግፍ ውጤቱ ይጠፋል፤ የደበዘዘውን ክፍል በ300 ዲፒአይ ወደ ፒኤንጂ መለወጥ ይበጃል።

መጠን፦ ኢንክስኬፕ እስከ 0.91 ዕትም 1 ኢንችን በ90 ፒክስል ይቆጥር ነበር፤ ከ0.92 (2017 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 96 አድርጎታል። ስለዚህ የቆየ ሥዕል መጠኑ ተለውጦ ሊገባ ስለሚችል ከመታተሙ በፊት ስፋቱ በሚሊ ሜትር መለካት አለበት።