ነጥብና ባለቤቱ፦ በኤስኪውኤል የዘዴ አጠራር ታሪክ
በኤድጋር ኮድ የ1970 እ.ኤ.አ. ንድፍ ሠንጠረዥ ዋጋዎችን ይይዝ ነበር እንጂ ዋጋው ራሱ የሚፈጽመው ተግባር አልነበረውም። በ1980ዎቹ በበርክሌይ የተሠራው የማይክል ስቶንብሬከር ፖስትግረስ ተጠቃሚው የራሱን የመረጃ ዓይነት እንዲፈጥር ፈቀደ፤ በ1997 ኦራክል 8 የዕቃ ዓይነትን ከነዘዴዎቹ አስገባ፤ የ1999ኙ ኤስኪውኤል ደግሞ በደረጃነት አጸናው።

አስቸጋሪው ነገር አጻጻፉ ሆነ። ነጥብ ቀድሞውንም የአገናዛቢነት ምልክት ነበር፤ «ሠራተኛ.አድራሻ» የሠራተኛ ሠንጠረዥ የአድራሻ ዓምድ ማለት ነው። ያው ነጥብ አሁን ግሥ እንዲሸከም ተጠየቀ። «አድራሻ.ከተማ()» ሲጻፍ አድራሻ ሠንጠረዥ ነው ወይስ ዓምድ? ኦራክል ሸክሙን በጸሐፊው ላይ ጣለ፦ ለሠንጠረዡ ተለዋጭ ስም ተሰጥቶ «ሠ.አድራሻ.ከተማ()» ካልተባለ አይቀበልም፤ ዘዴው ምንም ባይቀበል እንኳ ባዶው ቅንፍ ግዴታ ነው፤ ግሥነቱን የሚያሳውቀው ምዕላድ እርሱ ነውና። ዲቢ2 ተከታታይ ሁለት ነጥቦችን (..) መረጠ። ለሰዋስው አጥኚ ይበልጥ የሚማርከው ግን ፖስትግረስኪውኤል ነው። እርሱ ዓምዱን በቅንፍ ከቦ «(አድራሻ).ከተማ» ያሰኛል፤ ሆኖም ከተማ የተከማቸ መስክ ይሁን የሚሰላ ተግባር ከአጻጻፉ አይለይም፤ «ከተማ(አድራሻ)» ቢባልም ያው ነው።