ይለፍ

የአማርኛ ሰዋስው አንዳንዴ ከታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ብዙ ይናገራል። «ይለፍ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። «ልለፍ» አይደለም፣ «እለፍ»ም አይደለም። መንገደኛው ስለ ራሱ የሚለው ሳይሆን፣ ሌላ ሰው ስለ መንገደኛው ለበረኛ የሚለው ነው። ኬላ ላይ የቆመ ሰው ደረቱን ነፍቶ «እኔ እገሌ ነኝ» ቢል የሚሰማው የለም፤ «እገሌ ነው፣ ይለፍ» የሚልለት ሦስተኛ ሰው ያሻዋል። ኢሜይል ስንከፍት የምንጽፈውን ምስጢር «የይለፍ ቃል» ስንለው ያንን ኬላ ሳናስበው ስልካችን ውስጥ አስገብተነዋል። ስለ ፓስፖርትና ስለ መታወቂያ ብዙ ይጻፋል፤ እኔን ግን የሚያጓጓኝ ይህ ሦስተኛ ሰው በየዘመኑ ማን እንደነበረ ነው።

ዱሮ በእርግጥም ሰው ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ወርዶ በማግሥቱ ዓመት ጎንደር ሲገባ፣ ጓዙ ውስጥ ከቴሌስኮፑ ሌላ ከካይሮና ከጂዳ ሹማምንት ያጻፋቸው ደብዳቤዎች ነበሩ። የእኛ ነገሥታት ደግሞ ማኅተማቸውን የሚያሳርፉት ከደብዳቤው ግርጌ ሳይሆን ከአናቱ ነው። ጉዳዩ ከመነበቡ በፊት ተናጋሪው ማን እንደሆነ ይታያል። ማኅተም የማያውቀው ተራ ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል። መልሱ የሚጠቅመው አባቱን የሚያውቅ እስከተገኘ ድረስ ነው። ወንዝ ከተሻገረ በኋላ የሚያውቀው ከሌለ ዋስ ይጠራል። ዋስ እግር ያለው መታወቂያ ነበር።

አውሮፓም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአመዛኙ ያለ ፓስፖርት የሚዘዋወሩባት ነበረች። ነገሩን ያከረረው ጦርነቱ ነው። በኦገስት 1914 (የውጭውን ታሪክ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ) ካርል ሃንስ ሎዲ የተባለ የጀርመን ባሕር ኃይል ተጠባባቂ መኮንን፣ ቻርልስ ኢንግሊስ የሚባል አሜሪካዊ ነኝ ብሎ ስኮትላንድ ገባ። የያዘው ፓስፖርት የተጭበረበረ አልነበረም። እውነተኛው ኢንግሊስ በርሊን ላይ ለባለሥልጣናት ሰጥቶት በዚያው የቀረ ነው። ፎቶ ስለሌለበት፣ የያዘው ሁሉ ባለቤቱ መሆን ይችላል። ሎዲ ግን ተያዘና ኖቬምበር 6 ቀን በለንደን ግንብ ተረሸነ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካም እንግሊዝም ፓስፖርት ላይ ፎቶ እንዲኖር አዘዙ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1920፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ፓሪስ ላይ ጉባኤ ጠርቶ ባለ 32 ገጹን ደብተር መልክ አስያዘው። ተሰብሳቢዎቹ ፓስፖርት ጨርሶ የሚቀርበትን ቀን ተስፋ ያደርጉ ነበር። ጊዜያዊ የተባለ ነገር ዕድሜው እንዴት እንደሚረዝም የእኛ አገር አንባቢ አያጣውም።

መንግሥቱ ራሱ ፊቱን ያዞረበት ሰውስ? ዲሴምበር 15 ቀን 1921 የሶቪየት መንግሥት ከአብዮቱ የሸሹ ሩሲያውያንን ዜግነት በአዋጅ ገፈፈ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ጀምበር «የማን ነህ?» ቢባል መልስ የሌለው ሆነ። በማግሥቱ ዓመት ኖርዌያዊው የዋልታ አሳሽ ፍሪድትዮፍ ናንሰን፣ የማኅበሩ የስደተኞች ኮሚሽነር ሆኖ፣ በስሙ የሚጠራውን ወረቀት አስፈቀደ። ከ50 በላይ መንግሥታት ተቀበሉት፤ ሙዚቀኛው ስትራቪንስኪ፣ ሠዓሊው ሻጋል፣ ደራሲው ናቦኮቭ ይዘውት ተጉዘዋል። እኔን የሚገርመኝ የሚለጠፍበት ቴምብር ነው፤ ያለበት ምስል የናንሰን የራሱ ፊት ነው። ከንጉሥና ከመንግሥት አርማ ሁሉ መሃል አንድ ሰው ፊቱን ሰጥቶ ዋስ ሆነላቸው። ወረቀቱ ግን ወደ ሰጠው አገር የመመለስ መብት አይሰጥም ነበር። ኢትዮጵያም በ1923 እ.ኤ.አ. የዚሁ ማኅበር አባል ሆናለች፤ በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ጣሊያን ወረራ ጄኔቫ ላይ ቆመው ሲናገሩ ዋስ መሆንና ዋስትናውን መክፈል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ታየ።

በእኛ አገር ዜግነት በሕግ የተጻፈው በ1922 ዓ.ም. ነው። አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ጥሩ ነው፤ የአባትየውን ኢትዮጵያዊነት ግን ማን ያስረዳል? አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ ሸክሙን የተሸከመው ቀበሌ ነበር። በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተወለደው ቀበሌ ቤቱን በቁጥር፣ ነዋሪውን በስም ያውቃል። በደርግ ዘመን ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር የሚሄድ የይለፍ ወረቀት ያጽፋል፣ ሰፈር የሚቀይር መሸኛ ያወጣል፣ ኬላ ላይ አውቶቡስ ቆሞ «መታወቂያ!» ይባላል። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ዛሬም ኪሱን ይዳብሳል። ከ1983 ወዲህ ደግሞ መታወቂያው ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ታከለ፤ ይለፍ የሚያሰኘው ወረቀት አንዳንድ መንገድ ላይ የማያሳልፍም ሆነ።

ማስረጃ ባለቤቱ ላይ ሲመሰክር ደግሞ በ1990 ዓ.ም. አይተናል። በ1985ቱ የኤርትራ ሪፈረንደም ድምፅ ለመስጠት የተመዘገቡ ሰዎች፣ የሁለቱ አገሮች ጦርነት ሲፈነዳ ያው ምዝገባ የሌላ አገር ዜጋ ለመሆናቸው ማስረጃ ሆኖ ቀረበባቸው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተባረሩ፤ ከወዲያም ኢትዮጵያውያን ተባረሩ። ዕድሜውን ሙሉ አዲስ አበባ የኖረ ሰው የማን እንደሆነ የተነገረው በሌሊት በር በተንኳኳ ሰዓት ነው።

ከዚህ ቀለል ያለ፣ ግን ሁላችንንም የሚነካ ጣጣ አለ። ፓስፖርታችሁን ግለጡት። ከፎቶው ገጽ ግርጌ ሁለት መስመር አለ፤ እያንዳንዱ 44 ቦታ ያለው፣ ለማሽን እንጂ ለሰው ዓይን ያልተጻፈ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ1980 ያወጣው ደንብ ለዚያ ቦታ የፈቀደው 26ቱን የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችንና አንድ መሙያ ምልክት ብቻ ነው። እንግዲህ «ፀሐይ» እዚያ በር ላይ ትቆማለች፤ አንዱ ጸሐፊ በኤስ፣ ሌላው በቲና በኤስ ያስገባታል። «ቅድስት» በኬም በኪውም ትጻፋለች። የእኔ ስም በዲግሪዬና በፓስፖርቴ ላይ በአንድ ፊደል ይለያያል። አንድ መሥሪያ ቤት ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን አስረዳ አለኝ። ሰውየው እኔ ነኝ፣ ፊቱ ቆሜያለሁ፤ ሆኖም ሦስት ምስክር አምጥቼ ነው እኔ መሆኔ የታመነው።

ፊደሉ ቢስተካከል እንኳ የስሙ አሠራር አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ያለን። ቅጹ ግን የቤተሰብ ስም ይላል። ስለዚህ እናት ልጇን ይዛ ሦስት የተለያየ ስም ባለው ቤተሰብ ድንበር ላይ ስትቆም «ልጁ የአንቺ ነው?» ትባላለች። ገብረ ማርያም የሚባል ሰው ደግሞ ስሙ ለሁለት ተሰንጥቆ ባሕር ማዶ «ሚስተር ማርያም» እየተባለ ይጠራል። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። በ1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ዓመቱ ሳይመለስ እንዳለ ከተገለበጠ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል፤ ጡረታ ሲደርስ የሚደሰት፣ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚያለቅስ አለ። ጳጉሜ 3 የተወለደ ሰውማ ባለ 12 ወር ቅጽ ላይ ከነጭራሹ አልተወለደም።

ዛሬ ድንበሩ ራሱ ቦታ ቀይሯል። እንግሊዝ በ1987 ባወጣችው ሕግ ያለ በቂ ሰነድ ተሳፋሪ ያመጣ አየር መንገድ እንዲቀጣ አደረገች፤ ሌሎችም ይህንኑ መንገድ ይዘዋል። ስለዚህ የለንደን ድንበር አሁን ቦሌ ላይ፣ ሻንጣ የሚመዘንበት ጋ ነው፤ ጠባቂዋም ፈገግ ያለች የቲኬት ሠራተኛ ናት። በአሜሪካ ደግሞ ከሴፕቴምበር 11ዱ የሽብር ጥቃት በኋላ በ2005 የወጣው የሪል አይዲ ሕግ ሃያ ዓመት ሲንከባለል ቆይቶ በሜይ 2025 ሥራ ላይ ዋለ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖረው ወገናችን መንጃ ፈቃዱ ላይ ኮከብ አለ የለም እያለ የተሟገተው ለዚህ ነው።

በአንጻሩ ያለ ምንም ደብተር የተበረረበት ቀን አለ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በሰለሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ከአዲስ አበባ ወጡ። መለያቸው ሰውነታቸው ላይ የተለጠፈ ቁጥር ነበር፤ የአንዳንዱ ግንባሩ ላይ። ኬላው የጠበቃቸው ወዲያ ማዶ፣ እስራኤል ላይ ነው። ቀድመዋቸው የገቡት በ1985 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ላይ በዋናው ረቢናት ፊት ለፊት ለሳምንታት የተቀመጡት፣ አይሁድነታቸውን እንደገና በሥርዓት አረጋግጡ በመባላቸው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለችው እህታችን ችግር ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ፓስፖርት አላት፤ ግን «ከፊል» በሚባለው አሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎባታል። ስታመልጥ የምትይዘው ከኤምባሲ የሚሰጥ ሊሴ ፓሴ ነው። ፈረንሳይኛው «ይለፍ» ማለት መሆኑን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? ያውም ለአንድ ጉዞ ብቻ፣ ወደ አገር ቤት ብቻ።

አሁን ሽፋኑ ውስጥ ቺፕ አለ። ማሌዥያ በ1998 ጀመረችው፣ እኛም በ2017 ዓ.ም. ደረስንበት። ቺፑ ስምና ፎቶ ይዞ የመንግሥቱን ዲጂታል ፊርማ ያሳያል፤ የድንበሩ ማሽን የሚጠይቀው «ይህን የፈረመው ማን ነው?» ብሎ ነው። ከአናት ላይ ያረፈው ማኅተም ተመልሶ መጣ ማለት ነው። የባንካችሁን ድረ ገጽ ስትከፍቱ የሚደረገውም ያው ነው። ገጹ የእውነት ባንኩ መሆኑን የሚመሰክር፣ ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁት ሰርተፊኬት ሰጪ ድርጅት አለ፤ ስልካችሁ ግን ያውቀዋል። በ2011 ዲጂኖታር የተባለው የኔዘርላንድ ድርጅት ተሰብሮ በጉግል ስም የሐሰት ሰርተፊኬት ወጣ፤ ኢራን ውስጥ ያሉ ተጠቃሚዎች ጉግል የመሰላቸውን በር ሲያንኳኩ ሌላ ሰው ከፈተላቸው። ድርጅቱ በወራት ውስጥ ከሰረ። የዋስ ሀብቱ ቃሉ ብቻ ነውና።

መንግሥትንም ኩባንያንም የማያምኑ ሰዎች ሌላ መላ ሞክረዋል። ፊል ዚመርማን በ1991 ባወጣው፣ ፒጂፒ በተባለ የመልእክት መመስጠሪያ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች አንዱ የሌላውን ቁልፍ እየፈረሙ የመተዋወቅ መረብ ዘረጉ፤ እግር ያለው ዋስ ማለት ነው። ሲሰበሰቡ ታዲያ ከመፈራረማቸው በፊት ምን ይጠያየቃሉ? ፓስፖርት።

በእኛ አገር ደግሞ በ1284/2015 አዋጅ የቆመው ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ አሥር ጣት፣ ሁለት ዓይንና ፊት ይወስዳል። ለነዋሪ የሚሰጥ ነውና ማን እንደሆንህ እንጂ የማን አገር ዜጋ እንደሆንህ አይናገርም፤ ብሔር የሚል መስመርም የለውም። በእኔ ሚዛን ትልቁ ቁም ነገሩ ይህ ነው። ሰነድ የሌለው ሰው ደግሞ በምስክር መመዝገብ ይችላል።

አክስቴን ለማስመዝገብ ሄጄ ነበር። ልደቷን «ንጉሡ በተመለሱ በሁለተኛው ዓመት፣ ገብስ ሲታጨድ» አለች፤ መዝጋቢው ልጅ በጣቱ ቆጥሮ 1935 ጻፈ። ጣቷን መሣሪያው ላይ ብታሳርፍ አልተነበበም። ሰባ ዓመት ጥጥ የፈተለ ጣት መስመሩ ጠፍቷል። «እማማ፣ እስኪ እንደገና ይሞክሩ» አላት፤ እንቢ አለ። ዓይኗ ግን ታየ። ወረቀት ስለሌላት ጎረቤቷን አቶ እገሌን ለምስክርነት ጠራናቸው፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ።

«አባባ፣ እኚህን ሴትዮ ያውቋቸዋል?» አላቸው ልጁ።

ሽማግሌው ልጁን አዩት፣ መሣሪያውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«እሷን የማያውቅ ማነው?» አሉ ተቆጥተው። «አንተስ የማን ልጅ ነህ?»