ዐቅድናሜ፦ የቃጃር ዘመን የኒካሕ ውሎችና የፋርስ ሴቶች ሕይወት

ዐቅድናሜ በፋርስኛ የኒካሕ ውል የሰፈረበት ወረቀት ነው። «ዐቅድ» ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን ውል ማለት ነው፤ «ናሜ» ደግሞ ጽሑፍ። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ እ.ኤ.አ. 1925 ኢራንን በገዛው የቃጃር ሥርወ መንግሥት ዘመን የተጻፉ ብዙ ዐቅድናሜዎች ዛሬም በቤተሰብ ሣጥኖች፣ በቤተ መጻሕፍትና በሙዚየሞች ይገኛሉ። የባለጸጎቹ ጠርዛቸው በወርቅና በሰማያዊ ቀለም ያጌጠ ነው። የተራው ሰው ግን በነጭ ወረቀት ላይ የሰፈሩ ጥቂት መስመሮች ናቸው። እኔን ብትጠይቁኝ ጌጥ የሌለው ይበልጥብኛል። የንጉሥ ልጅ ስም በሌላም ቦታ ይገኛል፤ የአንድ ነጋዴ ወይም ገበሬ ልጅ ስም ግን ከዚህ ወረቀት ውጭ ብዙ ጊዜ የትም የለም።

ውሉ የሚጀምረው አላህን በማመስገንና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ሰለዋት በማውረድ ነው። ቀጥሎ ስለ ጋብቻ የሚናገሩ የቁርኣን አንቀጾች፣ በተለይ የሱረቱ ኑር 32ኛ አንቀጽ፣ እንዲሁም ሐዲሦች ይጠቀሳሉ። ከዚያ የሙሽራው ስምና ማዕረግ፣ የሙሽራይቱ ስም ከነአባቷ፣ የመህሩ ዝርዝር፣ በሂጅሪ አቆጣጠር ቀኑ፣ በኅዳጉ ላይም የዐሊሞችና የታዳሚዎች ማኅተም ይከተላል። በዚያን ዘመን የፋርስ ከተሞች አንድ ጨዋ ሰው የሚስቱን ስም በባዕድ ፊት አይጠራም ነበር። «ቤቴ» ወይም «የልጆቹ እናት» ይላል፤ እኛ «ባለቤቴ» እንደምንለው መሆኑ ነው። ውል ግን ማንነቱ ባልታወቀ ሰው አይታሰርም። ስለዚህ ጸሐፊው «ጥብቋ»፣ «የተከበረችው» የሚሉ ቃላትን ደርድሮ ሲያበቃ ስሟን ቁልጭ አድርጎ ይጽፈዋል።

የወረቀቱ ልብ መህሩ ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠቀሰው አንድ ጥራዝ ቁርኣን ነው። የአላህ ቃል ይሸጣል ማለት ስለሚከብድ ዋጋው «ሀዲያ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ በቱማን የተቆረጠ ገንዘብ፣ ወርቅ፣ የመዳብ ዕቃ፣ ቤት፣ ሱቅ፣ የአትክልት ቦታ ይመጣል። በፋርስ ልማድ ማንኛውም ንብረት በስድስት «ዳንግ» ይከፈላል፤ ሙሉ ቤት ስድስት ዳንግ ነው። በመሆኑም ለአንዲት ሴት የአንድ መንደር ግማሽ ዳንግ ከነመስኖ ውሃው መህር ተደርጎ ሲጻፍላት እናያለን። ገንዘቡም እንዳይፋቅና እንዳይጨመርበት መላ ነበረው፤ «መቶ ቱማን፣ ግማሹ ሃምሳ ቱማን የሆነ» ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩን ሊያጭበረብር የፈለገ ሰው ሁለት ቦታ ማጭበርበር ይኖርበታል።

የመሬቱ ነገር ከሌላ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። በአራቱ የሱንኒ መዝሀቦች ሚስት ከባሏ ጠቅላላ ውርስ፣ መሬቱንም ጨምሮ፣ ልጅ ካለው አንድ ስምንተኛ፣ ከሌለው አንድ አራተኛ ትወርሳለች። ኢራን የምትከተለው የጀዕፈሪይ ፊቅህ ግን በተለመደው አስተያየቱ ሚስት ከመሬቱ አትወርስም፤ ከላዩ ካለው ሕንጻና ዛፍ ግምቱን ብቻ ታገኛለች። እንግዲህ በውርስ መሬት የማታገኝ ሴት በኒካሕ ዕለት የመንደር ድርሻ ከተጻፈላት፣ ባሏ ቢሞትም ማንም የማይነካባት የራሷ መሬት አላት ማለት ነው። አባቶች ይህን አስበው እንደሚደራደሩ መገመት አይከብድም።

አስተማሪ ሳለሁ የኒካሕን ምዕራፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን በጣም የሚያስገርማቸው መህር ዕዳ መሆኑ ነበር። ብዙዎቹ በዕለቱ በአፍ የሚነገርና በዚያው የሚያበቃ ወግ ይመስላቸው ነበር። በዐቅድናሜ ውስጥ ያልተከፈለው መህር በባልየው ላይ ያለ ዕዳ ነው፤ ሲሞትም ወራሾች ከመካፈላቸው በፊት ይከፈላል። ይህ በሁሉም መዝሀብ ያለ ሕግ ነው። ሆኖም መጻፍ ሌላ፣ መክፈል ሌላ ነው። በፋርሶች ዘንድ «መህሬ ሐላል፣ ነፍሴ ነጻ» የሚል አባባል አለ። ትዳሩ የመረራት ሴት ባሏ እንዲለቃት መህሯን ስትተውለት የምትለው ነው። ይህ በፊቅህ ኹልዕ ከምንለው ጋር የሚሄድ ሲሆን፣ በትልቅ ቁጥር የተጻፈ መህር ለስንቷ ሴት የመውጫ ዋጋ ብቻ ሆኖ እንደቀረ ይጠቁመናል።

ከዐቅድናሜው ጎን ሌሎች ወረቀቶችም አሉ። ሙሽራይቱ ከአባቷ ቤት ይዛው የምትመጣው ዕቃ፣ ማለትም ምንጣፉ፣ ፍራሹ፣ ድስቱ፣ ሳሞቫሩ፣ አንድ በአንድ ተዘርዝሮ ይጻፋል፤ ዕቃው የእሷ ስለሆነ ሙሽራው መረከቡን ያረጋግጣል። አባት በሕይወት ሳለ ለልጁ ንብረት የሚያስተላልፍበት «ሱልሕናሜ» አለ። የልጆች ልደት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው በቤቱ ቁርኣን ባዶ ገጽ ላይ ነበር፤ መንግሥት የልደት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት የብዙ ሴቶች ዕድሜ የሚታወቀው ከዚያ ነው።

አንባቢያችን እነዚህን ሰነዶች ሲያይ ሁለት ነገሮች እንዳያደናግሩት ልጥቀስ። በእኛ አገር በሚታወቁት የሻፊዒይና የሐነፊይ መዝሀቦች ያለ ምስክር ኒካሕ አይጸናም። በጀዕፈሪይ ግን ምስክር የተወደደ እንጂ መስፈርት አይደለም፤ ቢሆንም ሰዎቹ ወረቀቱን በማኅተም ይሞሉት ነበር። ሁለተኛው፣ አንዳንዱ ውል ጋብቻው «ዘላቂ» መሆኑን ለይቶ የሚጽፈው ሙትዓ የሚባለው ጊዜያዊ ጋብቻ በሺዓዎች ዘንድ ስለሚፈቀድ ነው። በሱንኒ ዑለማዎች ዘንድ ሙትዓ ክልክል ነው።

ወረቀቱ የማይነግረን ብዙ ነው። በውሉ ላይ የሙሽራይቱ ፈቃድ በወኪሏ በኩል ተጽፏል፤ ምን እንደተሰማት ግን የለም። ታጅ አስ-ሰልጠና እ.ኤ.አ. ከ1848 እስከ 1896 የነገሠው የናስረዲን ሻህ ልጅ ናት። በ1914 በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ ገና ሕፃን ሳለች እንደታጨችና ትዳሯ ደስታ እንዳልነበረው ትናገራለች። እንዲህ የመጻፍ ዕድል ያገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የሌሎቹ ድምፅ ከማኅተሙ ሥር ተዳፍኖ ቀርቷል።

ከእነሱም በታች የነበሩ አሉ። በአንዳንድ የባለጸጋ ቤተሰቦች ውል ላይ፣ ከወርቁና ከመንደር ድርሻው ጋር፣ ባሪያ መህር ሆኖ ተዘርዝሯል። በቃጃር ዘመን ቤቶች ውስጥ ከቀይ ባሕርና ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የተወሰዱ «ሐበሺ» የሚባሉ ሴቶችና ወንዶች ያገለግሉ ነበር፤ ከእኛ ምድር የሄዱ ናቸው። ሙሐመድ ሻህ እ.ኤ.አ. በ1848 አፍሪካውያንን በባሕር ማስገባት ቢከለክልም ንግዱ በስውር ቀጠለ። ባርነት በኢራን በሕግ የተሻረው በ1929 ነው። አንዲት ሴት ከነአባቷ ስሟ በተከበረበት ወረቀት ላይ ሌላይቱ በዋጋ ተቆጥራለች። መጀመሪያ ስደርስበት ወረቀቱን ማንበብ አቁሜ ቆይቻለሁ።

በ1931 የወጣው የጋብቻ ሕግ ኒካሕ በመንግሥት መዝገብ እንዲገባ ካስገደደ በኋላ ዐቅድናሜ ቀስ በቀስ ለታተመ ደብተር ቦታውን ለቀቀ። የቀሩትን ለመሰብሰብ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 በቃጃር ዘመን ሴቶች ላይ ያተኮረ የዲጂታል ማኅደር ሥራ ተጀመረ። ታሪክ አጥኚዋ አፍሳነ ነጅማባዲ የምትመራው ይህ ሥራ የቤተሰቦችን የኒካሕ ውሎች፣ ደብዳቤዎችና ፎቶዎች ምስል በኢንተርኔት በነጻ ያቀርባል። የሙሽሮቹን ስም ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። መህር ሆነው የተሰጡት ግን ብዙ ጊዜ «አንዲት ገረድ» ተብለው ብቻ ነው የተጻፉት።