ስለ እግር ዝሆኔ የሚካሄድ የሕዝብ ማስገንዘቢያ መድረክ አዘገጃጀት

ዕድሮች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበራት እንዲሁም የሃይማኖት ተቋማት ከጤና ባለሙያዎች ጋር በመሆን የሕክምና ሳይንስ የደረሰበትን ዕውቀት ለአካባቢያቸው ሕዝብ የሚያስረዱ መድረኮችን ያዘጋጃሉ። ይህ መረጃ በባዶ እግር መሄድ በሚያስከትለው የእግር ዝሆኔ፣ በሳይንሳዊ መጠሪያው ፖዶኮኒዮሲስ፣ ላይ መድረክ ለማዘጋጀት ለሚፈልጉ ዜጎች የቀረበ ነው። በሽታው ከሌሎች የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሳይንሱ በአግባቡ ሲነገር በታማሚዎች ላይ የሚደርሰውን መገለል ይቀንሳል፤ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ግን ያባብሰዋል።

በቅድሚያ ሊብራራ የሚገባው

ፖዶኮኒዮሲስ ተላላፊ አይደለም። መንሥኤውም ባክቴሪያ፣ ቫይረስ ወይም ጥገኛ ትል አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በሚሠሩ ሰዎች የእግር ቆዳ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሆኑ የማዕድን ቅንጣቶች ዘልቀው ይገባሉ። ቅንጣቶቹ በሊምፍ ቱቦዎች ላይ ብግነት ያስነሳሉ፤ ቱቦዎቹ እየጠበቡና እየተዘጉ ሲሄዱ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ እግሩም ያብጣል፣ ቆዳውም ይሻክራል። በሽታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በሚገኙና በቂ ዝናብ በሚያገኙ የእርሻ አካባቢዎች ይበዛል። የአፈሩን ሚና በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ያጠናው ብሪታንያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፣ ለበሽታው ዛሬ የሚታወቅበትን ስም የሰጠውም እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ግምት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖሩ ያሳያል።

በተለምዶ «ዝሆኔ» የሚባል ሌላም በሽታ አለ። እርሱ በትንኝ ንክሻ በሚተላለፍ ጥገኛ ትል የሚመጣ ሲሆን፣ በሚገኝባቸው ወረዳዎች በዓመት አንድ ጊዜ በጅምላ በሚሰጥ መድኃኒት ይከላከሉታል። ከአፈር የሚመጣው ከእግር መዳፍና ጣቶች ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሁለቱንም እግሮች ይይዛል፤ ከጉልበት በላይ የሚወጣው ግን አልፎ አልፎ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ማስተማር ታዳሚው ጫማ ማድረግን ትቶ ክኒን እንዲጠብቅ ያደርገዋል።

ስለ ዘር የሚነገረው

የመድረኩ አስቸጋሪ ክፍል ይህ ነው። በአንድ መንደር፣ በአንድ ዓይነት አፈር ላይ፣ እኩል በባዶ እግር ከሚሄዱት መካከል አንዱ ሲታመም ሌላው ይድናል። በወላይታ ቤተሰቦች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ለአፈሩ ተጋላጭ የመሆን ባሕርይ በቤተሰብ ውስጥ እንደሚወረስ አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በዚያው በወላይታ የተካሄደ የዘረ መል ጥናት ተጋላጭነቱን የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት ከሚመሩ ዘረ መሎች ጋር አያይዞታል። ይህ ሐቅ ከሕዝብ ሊደበቅ አይገባም። ሆኖም «ዘር» የሚለው ቃል በአማርኛ ከላቦራቶሪው የሰፋ ትርጉም አለው። ልጅ ሲታጭ ዘር ይጠየቃል፤ የእግር ዝሆኔ ያለበት ቤተሰብ ልጆች፣ ጤነኞቹም ጭምር፣ በዚሁ ምክንያት ለትዳር የሚከለከሉበት አጋጣሚ ብዙ ነው። አስተማሪው ንግግሩን «በዘር ይተላለፋል» ብሎ ከጀመረ ታዳሚው ቀድሞ የሚያምነውን በሳይንስ አስመስክሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ተመራማሪዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። የዘረ መል ጥናቱ ፈቃድ እንዴት ሊጠየቅ እንደሚገባ አስቀድመው ከማኅበረሰቡ ጋር ተወያይተው፣ ስለ ውርስ የሚሰጠው ማብራሪያ መገለልን ሊያባብስ ይችላል የሚል ስጋት መኖሩን ተረድተዋል። ለመድረክ አዘጋጆችም ትምህርቱ ይኸው ነው። መጀመሪያ አፈሩ፣ ቀጥሎ ጫማና የእግር ንጽሕና፣ በመጨረሻም ተጋላጭነት ይነገር። አንድ ቤት በጢስ ሲሞላ አንዱ ሲያስል ሌላው ላያስል እንደሚችል ምሳሌ ቢሰጥ ለአረዳድ ይቀላል፤ ጢሱ ከሌለ ሁለቱም አያስሉም። ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን በየዕለቱ ከታጠበ በሽታው አይዘውም። ይህ ዐረፍተ ነገር በመድረኩ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢደገም ይመረጣል።

ዝግጅቱ ከጤና ጣቢያው ይጀምራል

ብዙ አዘጋጆች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከባነርና ከድምፅ ማጉያ ነው። ቀዳሚው ተግባር ግን በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በኩል የእግር እንክብካቤ አገልግሎት የሚሰጠው ቅርብ ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ፣ የሠለጠነ ባለሙያና የሚያስፈልጉ ቁሳቁሶች መኖራቸውን ማረጋገጥ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የሕክምና ሙከራ በየዕለቱ እግርን ማጠብ፣ ቆዳን ማለስለስ፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ታማሚን አልጋ ላይ የሚጥለውን ተደጋጋሚ ድንገተኛ ሕመም እንደሚቀንሱ አረጋግጧል። ይህን የሰማ ታማሚ በማግሥቱ ጤና ጣቢያው በር ላይ ይገኛል። የሚቀበለው ከሌለ ዳግመኛ አይመጣም። አገልግሎቱ ዝግጁ እስኪሆን መድረኩን ማዘግየት ይሻላል።

ከንግግር ይልቅ ሠርቶ ማሳየት ይጠቅማል። ሳፋ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ፎጣና ካልሲ ይበቃሉ። በረኪና ጥቅም ላይ የሚውለው የጤና ባለሙያው በሚወስነው መጠን በውኃ ተበርዞ ብቻ ነው፤ ሳይበረዝ ቆዳን ይጎዳል።

ታማሚዎችን በድምፅ ማጉያ መጥራት አይመከርም። ቁስልና ጠረን ያለባቸው ሰዎች ከሕዝብ መሐል ስለሚሸሹ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቤቱ ሄደው ቢጋብዟቸው ይመጣሉ። በእንክብካቤ የተሻላቸው ሰዎች አስተማሪ ሆነው ቢቀርቡ ከማንኛውም ባለሙያ የበለጠ ይደመጣሉ። ይህ የሚሆነው ግን በፈቃዳቸው ነው፤ እግራቸው ለዕይታ አይቀርብም፣ ፎቶግራፍም ያለ ፈቃዳቸው አይነሳም። የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ የተሰጠው መሆኑን አዘጋጆች ሊያውቁ ይገባል።

ጫማ ለማደል ያሰቡ ለጋሾች ዕደላውን ከመድረኩ ቢለዩ ይመረጣል። ያበጠ እግር በመደበኛ ቁጥር ጫማ ስለማይገባ በልክ መሠራት አለበት፤ በሕዝብ ፊት የሚደረግ ሰልፍም ታማሚውን ያጋልጣል።

ከታዳሚዎች የሚነሡ ጥያቄዎች

«ይድናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ገና የጀመረ እብጠት በእንክብካቤ ሊቀንስ ይችላል፤ የቆየው ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ሕመሙ፣ ጠረኑና ቁስሉ ይቀላል። ከዚህ ያለፈ ተስፋ መስጠት አይገባም። ጸበል የሚጠመቁ ታማሚዎች እምነታቸውን ሳይተዉ በየዕለቱ እግራቸውን ማጠባቸውንና ጫማ ማድረጋቸውን እንዲቀጥሉ ማበረታታት ያስፈልጋል፤ ካህናትና የሃይማኖት አባቶች ይህን ቢናገሩ ተሰሚነታቸው ከፍ ያለ ነው። እግር በልብ፣ በኩላሊት ወይም በሌላ ሕመም ምክንያትም ሊያብጥ ስለሚችል፣ በመድረክ ላይ የማንንም እግር ዐይቶ የበሽታ ስም መስጠት ክልክል ነው፤ ጠያቂው ወደ ጤና ጣቢያ ይመራል።

አዘጋጆች መድረኩ በተካሄደ በአንድ ወር ውስጥ ለእግር እንክብካቤ የመጡ አዳዲስ ታካሚዎችን ቁጥር፣ ያለ ስም ዝርዝር፣ ከጤና ጣቢያው ጠይቀው ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያሳውቃሉ። ቁጥሩ ካልጨመረ ቀጣዩ መድረክ ከመታቀዱ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ታማሚዎችን በየቤታቸው ያነጋግራሉ።