አፍ ከመከፈቱ በፊት

አድምጡኝማ! አንዲት የአዊ እናት የአሥር ዓመት ልጇን አዝላ ከዳንግላ መናኸሪያ ተሳፈረች እንበል። እስከ ባሕር ዳር 80፣ ከዚያ እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ጡንቻው አይታዘዘውም፤ ሐኪሞቹ ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። የሚጥል በሽታም አለበት። መንጋጋ ጥርሱ ሌሊት ሌሊት ሲያስለቅሰው ሰንብቶ ጎንደር ሪፈር ተጻፈለት፤ የጥርስ ሐኪም የሚሠለጥንበት ዩኒቨርሲቲ አለና።

ተረኛዋ ተማሪ ጎበዝ ናት። እንደ ልማዷ ወንበሩን ወደ ኋላ ዘረጋችው። ልጁ ተገተረ! ምራቁ ትን አለው፤ ጥርሱን ግጥም አደረገ። «እጁን ያዙልኝ» ልትል ስትል አስተማሪዋ ከኋላ፣ «እናቱን ጠይቂ» አላት።

«እናቴ፣ ቤት ሲያበሉት እንዴት ይይዙታል?»

«እኔማ ልጄ፣ መች አስተኛዋለሁ! ቀና አድርጌ፣ አንገቱን በክንዴ ደግፌ ነዋ።»

ወንበሩ ቀና አለ፤ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ገባ፤ ሳያስበው እንዳይነክስ በጥርሶቹ መካከል የጎማ መደገፊያ ተደረገ።

«አዎ ሲልስ?»

«ሽቅብ ያያል።»

ከዚያ ወዲያ የምትጠይቀው ልጁን ራሱን ሆነ፤ እሷ በአማርኛ፣ እናቱ በአዊኛ እየደገመችለት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ 25ኛው አንቀጽ ስለ ጤና ነው፣ የባለሙያ ሥልጠናንም ያነሣል። መልካም! በእኔ ሚዛን ግን አካል ጉዳተኛን የማከም ክህሎት እንደ ጥርስ ነቀላ በእጅ ካልተፈተነ ተማሪው ይረሳዋል። ለምሳሌ መስማት የተሳነው ታካሚ ቢመጣ ማስክ ከንፈርን ይደብቃል፤ አስቀድሞ ማስኩን ዝቅ አድርጎ «ሲያምህ እጅህን አንሣ፣ አቆማለሁ» ብሎ መስማማት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ወደ ልጁ እንመለስ። ድዱ አብጦ ጥርሱን ሊሸፍን ደርሷል። እናቱ አቀረቀረች፤ «አታጸጂውም» ተብላ ታውቃለች።

«ለሚጥል በሽታው የሚወስደው መድኃኒት፣ ፌኒቶይን፣ ድድ ያሳብጣል፤ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አለች ተማሪዋ። «ብቻ እንዳያቋርጡት፤ ያዘዘለትን ሐኪም እናማክራለን።»

መንጋጋው ወጣ።

«ለቀጠሮ እዚህ ድረስ ልመለስ ነው እንዴ ልጄ?»

ተማሪዋ ወረቀት ስባ ቀረብ ለሚላት ለእንጅባራ ሆስፒታል ጻፈች፦ «ተጋድሞ አይታከምም። ፌኒቶይን ይወስዳል። ይሰማል፤ እሱን ጠይቁት፤ አዎ ሲል ሽቅብ ያያል።»